ከአሥራ ስድስት በኋላ

ስልኩን ያነሳችው ፋውስታ ናት፤ ያወራችው ግን ኦርቴንሲያ ሆና ነው። ይህ በዚያ ቤት አዲስ ነገር አይደለም። ሬዲዮ ጣቢያ ሲደውል፣ ጋዜጠኛ ሲደውል፣ አንዳንዴም የድሮ ፍቅሩ ያልወጣለት ሽማግሌ ከቶሪኖ ሲደውል፣ ታላቂቱ ኦርቴንሲያ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጇን ታወዛውዝና፣ ታናሺቱ ፋውስታ ጉሮሮዋን ጠርጋ “አቤት፣ እኔ ነኝ” ትላለች። ዛሬ በጠዋት የደወለችው ጂኔቭራ የምትባል፣ ኦርቴንሲያ የታወቀችበትን የድሮ ፊልም እንደገና ከሚሠሩት ሰዎች ጋር የምትሠራ ልጅ ናት። “ሲኞራ ኦርቴንሲያ! ኧረ ድምፅዎ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ትንሽ እንኳ አይለወጥም እንዴ?” አለች። መኪናው አራት ሰዓት ላይ እንደሚመጣ፣ የሚቀረጸው የባሕር ዳርቻው ክፍል እንደሆነ፣ ድምፁም እንደ ድሮው በኋላ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን እዚያው ሲናገሩ እንደሚቀዳ ነገረቻት። ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ትዝ አላት። “እህት አለችዎት አይደል? ከፈለጉ ይዘዋት ይምጡ፤ ሌላው ቢቀር ቦርሳ ትይዝልዎታለች።” ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የፋውስታ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ለባለቤቱ ታመነ። “እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ፣ እነግራታለሁ” አለች፣ በዚያው አገር ባለቀሰበት ድምፅ፤ ስልኩንም ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት በሮም ፊልም የሚሠራው ደንቆሮ ሆኖ ነበር። ካሜራው ያያል እንጂ አይሰማም። አንዱ ተዋናይ በፈረንሳይኛ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ በመንደሩ አነጋገር ያወራል፤ ከጀርባቸው አናጢ ሚስማር ይመታል፤ በኋላ ሌሎች ሰዎች ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ቆመው፣ በእነዚያ አፎች እንቅስቃሴ ልክ ንግግር ያለብሷቸዋል። ቃል መያዝ ያቃተው ተዋናይ ደግሞ ቁጥር ይቆጥራል። ተቆጥቶ ይቆጥራል፣ አፍቅሮ ይቆጥራል፣ ሲሞትም እየቆጠረ ይሞታል። ኦርቴንሲያ መልኳ የንግሥት ነው፤ አነጋገሯ ግን ከተራራው መንደሯ አልወረደም፤ አፏን ስትከፍት ፍየል የምትጠራ ይመስላል። ፋውስታ በልጅነቷ ለሮም መነኮሳት ተሰጥታ ስላደገች አንደበቷ ተገርቷል። ስለዚህ ኦርቴንሲያ ፊቱን ሰጠች፣ ፋውስታ ድምፁን ሰጠች፤ ፊልሙ ላይ የተጻፈው ግን የፊቱ ስም ብቻ ነው። የድምፅ ሰው ስም የሚጽፍ አልነበረም።

ፊልሙ ስለ አንዲት የደሴት ንጉሥ ልጅ ነው። ራሱ የበሬ፣ ገላው የሰው የሆነ ጭራቅ ሊገድል ለመጣው ጎበዝ፣ መውጫው በማይገኘው ቤት ውስጥ እንዳይጠፋ የክር ልቃቂት ትሰጠዋለች። ጎበዙ ጭራቁን ይገድልና በመርከብ ይዟት ይሸሻል፤ ከዚያ አንዲት ባዶ ደሴት ላይ እንደተኛች ጥሏት ይሄዳል። ዳይሬክተሩ ለኦርቴንሲያ “የኔ ቆንጆ፣ ጥሎሽ ሄዷል፤ ሆድሽ እየባባ እስከ ሃያ ቁጠሪልኝ” አላት። ቆጠረች። አሥራ ስድስት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ምክንያቱም አሥራ ሰባት ገደቢስ ቁጥር ነው፣ እሷ ደግሞ እንኳን በባዶ ደሴት ላይ በገበያ መሐልም አትጠራውም። ፈራ ተባ አለችና ዘልላው ወደ አሥራ ስምንት ሄደች። በኋላ ጨለማው አዳራሽ ውስጥ ፋውስታ ለዚያች ቦታ የሚሆን ቃል አጣች። ስለዚህ ተነፈሰች። “ተኝቼ አልነበረም” አለች፤ ተነፈሰች፤ “ስትሄድ አየሁህ። ዞር ብትል ኖሮ ዓይኔ ክፍት ነበር።” ሰው ያለቀሰው ለቃሉ ሳይሆን ለዚያች ትንፋሽ ነው። ሊቃውንት ጽፈውላታል። ኦርቴንሲያ አሥራ ሰባትን ስለፈራች የተፈጠረች ትንፋሽ እንደሆነች የሚያውቁ፣ በሕይወት ካሉት ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም የሚኖሩት ቱስኮላና መንገድ ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ግድግዳው በክረምት ላብ በሚያወጣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው።

ኦርቴንሲያ ፀጉሯን ጠቅልላ፣ የሟች ባሏን የቤት ካፖርትና ነጠላ ጫማ አድርጋ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። ቡናው በምድጃው ላይ ይንጨረጨራል። ማቀዝቀዣው ላይ ከመስተዋት የተሠራ ሰማያዊ ዓሣ ተቀምጧል፤ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ግድግዳው ላይ የውሃ ጥላ ይጥላል፤ ፋውስታ ቡናዋን ስትጠጣ ያንን ጥላ ማየት ልማዷ ነው፤ ለትንሽ ጊዜ ቤቱ ከባሕር በታች ያለ ይመስላታል።

“ምን አለች ልጅቷ?”

“መኪናው አራት ሰዓት ላይ ይመጣል።”

“ሌላስ?”

ፋውስታ ስኳሩን አማሰለች። ሌላው ብዙ ነበር። “ሌላ የለም” አለች።

“እንግዲህ እንደ ልማዳችን ነዋ። እኔ እቆጥራለሁ፣ አንቺ በኋላ ትመጪበታለሽ” አለች ኦርቴንሲያ፤ ቀጥላም ታች ያለው ባለ ሱቅ አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት አንዷን ራስ በአንድ ዩሮ መሸጥ መጀመሩን፣ ያውም ቅጠሏ የጠወለገችውን፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋጋ እንደሚጠራባት አወራች። ፋውስታ ሰማቻት፤ አልሰማቻትም። በልቧ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመሞቷ በፊት አንድ ሰው፣ ሠፈሯን እንኳ የማያውቅ ሰው፣ “ለካ ያ ድምፅ ያንቺ ነበር” እንዲላት። ጠይቃ አታውቅም። ዛሬም አትጠይቅም። ኦርቴንሲያ ግን በሚሰማ ካሜራ ፊት አፏን ስትከፍት ነገሩ በራሱ ይወጣል፤ እኔ ምን አደረግሁ? ዝም ነው ያልኩት፤ ዝም ደግሞ አይነቅዝም። እንዲህ እያለች ስኒዎቹን አጠበች።

ሹፌሩ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ለኦርቴንሲያ በሩን ከፈተላት። ፋውስታ የእህቷን ቦርሳ አቅፋ በዚያኛው በኩል ዞራ የራሷን በር ራሷ ከፈተች። ከተማው ላይ ቀጭን ጉም ወርዶ ነበር፤ ሕንፃዎቹ ከወገባቸው በላይ የሉም፣ የትራፊኩ መብራት ለማንም ሳይሆን ለራሱ ቀይና አረንጓዴ ይሆናል። እህቷ ሽቶ ሸታለች። ፋውስታ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ፣ ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ እንዳደረገችው፣ ወደዚያች ንጋት ሄደች። የድሮው ፊልም ያን ጊዜ አልቆ በቬኒስ ለሕዝብ ሊታይ ነው። አብረው ሊሄዱ ተማምለዋል፤ ፋውስታ ከጎረቤት ሰማያዊ ቀሚስ ተውሳ ወንበር ላይ ሰቅላዋለች። ጎሕ ሳይቀድ ኦርቴንሲያ ከአልጋዋ ተነሳች። መብራት አላበራችም። ወለሉ እንዳይሰማ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሻንጣዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ወጣች። ፋውስታ እንደ ተኛች ሆነች። ተነስታ “ወዴት?” ብትላት ኖሮ ምን ይመጣ ነበር? ይህን ስታሰላስል ፀጉሯ ነጭ ሆነ። ኦርቴንሲያ ከሳምንት በኋላ ከቬኒስ የመስተዋት ዓሣ ይዛላት መጣች። “ላንቺ ነው” አለች። “ያምራል” አለች ፋውስታ። ንግግራቸው ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ ኦርቴንሲያ ታመመች፣ ፋውስታ አስታመመች፤ ኦርቴንሲያ አግብታ ባሏ ሞተባት፣ ፋውስታ አብራ አለቀሰች፤ ስለዚያ ንጋት ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እሑድ እሑድ ጎን ለጎን ሆነው ቤተ ክርስቲያን ይሳማሉ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፣ የፋውስታም ጸሎት እንደዚያው ነበር።

ፊልም መሥሪያው ግቢ ውስጥ ባሕር ሠርተዋል። ከጉልበት የማያልፍ ሰፊ ገንዳ ነው፤ ዳርቻው ላይ ከእውነተኛ ባሕር የመጣ አሸዋ ፈስሷል፤ ከኋላ እንደ ሕንፃ የሚያክል አረንጓዴ ጨርቅ ተወጥሯል። ሰማዩ፣ መርከቡ፣ ደሴቱ ሁሉ በዚያ ጨርቅ ላይ በኋላ ይመጣሉ አሉ። አንድ ትልቅ ማራገቢያ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ውሃው ይሸበሸባል። ፋውስታ እዚያ ስትቆም ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ገባ። ሌላ ሰው ያልማት ሕልም ውስጥ በስህተት የገባች መሰላት፤ ደስም አላት፤ እዚያው ብትቀር የሚያስቸግራት አልነበረም። በአጠገባቸው አረንጓዴ የሌሊት ልብስ የመሰለ ነገር የለበሰ ጎልማሳ፣ ግንባሩ ላይ ኳስ አስሮ ዳቦ ይበላል።

“ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች ኦርቴንሲያ በሹክሹክታ፣ በተራራ አነጋገሯ።

“በሬው ነው” አለች ፋውስታ። “ቀንዱን ኮምፒውተር ያበቅልለታል።”

“የእኛው የፍየል ጠጉር ነበር። ይገማል፤ ግን ስትሸሺው ከልብሽ ትሸሺዋለሽ።” ሁለቱም አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ፋውስታ እህቷን አየቻት። ካሜራው እንደሚሰማ ልንገራት ይሆን አለች በልቧ። በዚህ መሐል ዳይሬክተሩ መጣ። ዳሚያኖ ይባላል፤ ጢሙን ያልተላጨ፣ እንቅልፍ ያጣ ጎልማሳ ነው፤ የኦርቴንሲያን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ሳመው። “እናቴ ልብስ ስትተኩስ ያቺን ቃል ትላት ነበር” አለ። “ትንፋሿ ላይ ስትደርስ ካውያውን ታነሳዋለች። ፊልሙን እንደገና የምሠራው በዚያች ትንፋሽ ምክንያት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ለገንዘብ ሰጪዎቹ ነው የማደርገው።” ኦርቴንሲያ ለሃምሳ ዓመት እንደምታደርገው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ድምፄን ለካሜራ ነው የማስቀምጠው ማለቷ ነው። ፋውስታ ከኋላ ቦርሳውን አቅፋ ቆማለች፤ ዳሚያኖ ለእሷም በትሕትና አንገቱን ሰበረላትና አለፈ።

የአዲሱ ፊልም ታሪክ የሚጀምረው በዚህ ነው፤ ያቺው የንጉሥ ልጅ እዚያችው ደሴት ላይ ቀርታ አርጅታለች፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ወደ ባሕሩ ትናገራለች። ኦርቴንሲያን ነጭ አልብሰው አስቀመጧት። ፀጉሯን ፈቱት፤ ማራገቢያው አነሳው። ሰባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ያም ሆኖ ሠራተኛው ሁሉ፣ ገመድ የሚጎትተው ሳይቀር፣ ሥራውን ትቶ አያት። አንድ ልጅ ጫፉ ላይ ጠጉራም ነገር የታሰረበት ረጅም ዘንግ ከራሷ በላይ ዘረጋ። “ድመት ሊሰቅሉብኝ ነው?” ብላ በሹክሹክታ ወደ ፋውስታ አየች፤ በዓይኗ “ምንድን ነው?” ትላታለች። ድምፅ የሚሰማው ያ ጠጉራም ነገር ነው። ፋውስታ ታውቃለች። ሁለት እርምጃ ሄዳ በጆሮዋ መንገር ትችል ነበር። ባለችበት ቆመች።

“ጸጥታ!” ተባለ። ማራገቢያው እንኳ ቆመ። ኦርቴንሲያ ባሕር ወዳልሆነው ባሕር አየች፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ጠለቀ፤ ከዚያ አፏን ከፈተች።

“አንድ” አለች። “ሁለት። ሦስት፣ አራት…”

በመጀመሪያ የገባው አልነበረም። ከዚያ መብራቶቹ ሥር አንድ ወጣት በአፍንጫው ሳቀ፤ ሌላው በክርኑ ጎሸመው፤ ጂኔቭራ መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ያ የፍየል መጥሪያ ድምፅ፣ ከዚያ ፊት፣ በዚያ ልብ የሚሰብር ኀዘን፣ “ስምንት፣ ዘጠኝ” እያለ ይወጣል። ኦርቴንሲያ ምንም አልጠረጠረችም። ካሜራ አይሰማም፤ ይህን ታውቃለች። ስለዚህ ያላትን ሁሉ ሰጠች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ። ፋውስታ ያየችው ያንን አንገት ነው። በልብስ መስቀያ ላይ እንደ ቀረ ጨርቅ የላላ፣ ያረጀ አንገት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላ ሆና የምታውቀው። የፈለገችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ሲመጣ ግን እንደ እሬት መረራት። ኀፍረት ከእግሯ እስከ ራሷ ወረራት። በሰው ፊት ራቁቷን ያቆምኳት እኔ ነኝ አለች በልቧ፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ ብትወጣም እሷስ እንዲህ አላደረገችኝም።

“…አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት…” ኦርቴንሲያ ቆመች። እንደ የዛሬ ሃምሳ ዓመቱ ፈራ ተባ አለች።

ፋውስታም ተነፈሰች። አስባ አይደለም። ያቺ ቦታ ስትመጣ ደረቷ ራሱ ያውቃታል፤ አዳራሹ ጨለማ እንደሆነ፣ ነጭ መጋረጃው ላይ የእህቷ አፍ ግድግዳ አክሎ እንደሚንቀሳቀስ ሆኖ ታያት፤ ትንፋሿ ወጣ። ትንሽ ድምፅ ናት። ነገር ግን ዘንግ የያዘው ልጅ ደንግጦ ዘንጉን አዞረው፤ ዳሚያኖ ከወንበሩ ተነሳ፤ የሳቁት ሁሉ ዞሩ። ኦርቴንሲያም ዞረች። የእነዚያን ሁሉ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ አየች፤ ምን እንደተደረገ ያኔ ገባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ እህቷን አየቻት፤ ቁጣ አልነበረም፤ ልመናም አልነበረም፤ እንዲያው አየቻት።

ፋውስታ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ባሕሩን አላየችም። ዘንጉንም አላየችም።

“ተኝቼ አልነበረም” አለች። ድምፁ አላረጀም፤ ግቢውን እንደ ውሃ ሞላው። “ስትሄጂ አየሁሽ። ጫማሽን በእጅሽ ይዘሽ ነበር። ዞር ብትዪ ኖሮ ዓይኔ ክፍት ነበር።”

የገንዳው ውሃ ጠርዙን ሲልስ ይሰማል። ኦርቴንሲያ ስትናገር በራሷ ድምፅ ነው፤ በዚያ ከማንም በደበቀችው ድምፅ።

“ዞር ብያለሁ እኮ፣ ፋውስታ” አለች። “በሩ ላይ ዞር አልኩ። ዓይንሽ ክፍት ነበር። አይቼሽ ነው የሄድኩት።”

ዳሚያኖ አቁሙ አላለም፤ ማንም አላለም። ፋውስታ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች፤ ኦርቴንሲያ ከድንጋዩ ወርዳ፣ ነጩን ቀሚስ እያንጓተተች፣ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለት አሮጊቶች በማያጠልቅ ባሕር ዳር ተቀምጠዋል፤ አንዷ የሌላዋን እጅ ይዛለች። በመጨረሻ ጂኔቭራ ውሃ ይዛ መጣች፤ ፊቷ ቲማቲም መስሏል። “ሲኞራ… ጠዋት በስልክ ያነጋገርኩት ታዲያ እርስዎን ነው? ቦርሳ ትይዝልዎታለች ያልኩት…” አለቻት ፋውስታን።

“ምን ያዥ አልሻት?” አለች ኦርቴንሲያ ቀና ብላ።

ልጅቷ ውሃውን ለፋውስታ አቀበለች። ዳሚያኖ በርከክ ብሎ ፋውስታን እንደ ጠፋ ዘመድ ያያታል። “ለካ የእርስዎ ነበር” አለ፤ በቃ ይህንኑ። ከዚያ እንደ ሕፃን እየተንተባተበ ለመናቸው፤ ሲኞራ ኦርቴንሲያ ትቁጠር፣ በልቧ ትቁጠር፣ ሲኞራ ፋውስታ ዘንጉ ሥር ቆማ ትናገር፤ እንደ ጥንቱ ይሁን።

ኦርቴንሲያ ከአሸዋው ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። “ስሟ ይጻፍ” አለች በተራራ አነጋገሯ፣ ማንንም ሳታፍር። “ከእኔ ስም ጎን፣ በአንድ መስመር፣ በአንድ መጠን። አለዚያ እንኳን አሥራ ሰባት፣ አንድ ብዬም አልጀምር!”

ሲጨርሱ ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ነበር። የጠዋቱ ሹፌር ሄዶ ሌላ መጥቷል። ከግቢው በር እስከ መኪናው ድረስ ኦርቴንሲያ ቦርሳውን ታቅፋ ስታለከልክ መጣች፤ ፋውስታ ልትቀበላት ሁለት ጊዜ እጇን ዘረጋች፣ ሁለት ጊዜም ተመታች።

“ምን ጨምረሽበት ነው እንዲህ የከበደ? ድንጋይ ነው?”

“ያንቺው ዕቃ ነው” አለች ፋውስታ። “የፀጉርሽ፣ የእግርሽ፣ የጨጓራሽ። እኔማ ለምጄዋለሁ።”

ሹፌሩ ባዶ እጇን ወደምትመጣው ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተላት። “ይግቡ ሲኞራ። የፊልሙ እመቤት እርስዎ ነዎት አይደል?”

ፋውስታ አፏን ከፈተች፤ እንደ ልማዷ “አይ፣ እኔ እንኳ” ልትል ነበር። ኦርቴንሲያ በዚያኛው በኩል ዞራ የራሷን በር ራሷ እየታገለች ከፈተች።

“እሷ ናት” አለች፣ ቦርሳውን ጉልበቷ ላይ እየጎተተች። “እኔ ቦርሳ የምትይዝላት እህቷ ነኝ።”

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ፋውስታ ዞር ብላ አየቻት።